ግድብ፣ ንፋስ፣ ሶላር ወይስ እንፋሎት? ቅርስ አጠገብ ሲሆን የቱን እንምረጥ

በዚህ ጉዳይ ላይ ሰው ሲከራከር ሁሌ የምሰማው አንድ አይነት ነው። አንዱ ወገን "መብራት ሳይኖር ድንጋይ ማየት ምን ይጠቅማል" ይላል፣ ሌላው ደሞ "የአባቶችን ቦታ በብረት አታጥሩት" ይላል፣ ይጯጯሁና በቃ እዛው ላይ ያልቃል። ግን እኮ ምርጫው መብራት ወይስ ቅርስ አይደለም። ታዳሽ ኃይል ሲባል አንድ እቃ የሚመስላቸው አሉ፣ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ፓኔልና አንድ ሸለቆ ሙሉ ውሃ የሚያስተኛ ግድብ ምን ያገናኛቸዋል? ሁለቱም ምንጫቸው ስለማያልቅ ብቻ ነው አንድ ስም የተሰጣቸው። ስለዚህ የሚጠየቀው የትኛው፣ የት ቦታ፣ እና ተሳስተን ከሆነ መመለስ እንችላለን ወይ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ያለችውን ነው ከሁሉም አስቀድሜ የምጠይቀው፣ ከታች ያለው ንጽጽርም በሷ ነው የተመዘነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ በየቦታው እየደጋገምኩ እንዳልጽፍ።)

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል። "ምንም አንስራ፣ እንዳለ ይቀመጥ" የሚለውም ራሱ ምርጫ ነው፣ ዋጋም አለው። ቬኒስ በህዳር 2019 ውሃው 187 ሴንቲሜትር ደርሶ የቅዱስ ማርቆስ ቤተክርስቲያን ውስጥ ገብቷል፣ ዓለም በጭስ እየሞቀች ባህሩ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር እንዲህ ያለው አደጋ ይጨምራል። የከሰልና የነዳጅ ጭስም ለቅርስ ጠላት ነው፣ ጠላትነቱ በዝግታ ስለሆነ ነው ሰልፍ የማይወጣበት።

ግድብ

ከሱ የምጀምረው ትልቁም አስቸጋሪውም እሱ ስለሆነ ነው። ኃይሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደውም በተፈለገ ሰዓት ውሃውን ለቆ ማመንጨት ይችላል፣ ሶላርና ንፋስ ይሄን ያለ ባትሪ አይችሉትም። ችግሩ ከቅርስ አንጻር መመለሻ የለውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፣ እዚህ ጋ ግን የተጠራቀመውም አይታፈስም። መንደሩ፣ መቃብሩ፣ ዋሻው አንዴ ከገባ ነገ ግድቡ ቢፈርስ እንኳን የምታገኙት ደለል ነው።

ሁሉም የሚጠቅሰው የግብጹን አቡ ሲምበልን ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ሊሰራ ሲል ዩኔስኮ በ1960 ለዓለም ጥሪ አደረገ፣ ከ1964 እስከ 1968 ሁለቱን ቤተ መቅደሶች ከሺ በላይ ቁራጭ አድርገው ቆርጠው ወደ 65 ሜትር ገደማ ከፍ አድርገው መልሰው ገጠሟቸው፣ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ እስከ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ሐውልቶቹን የምታበራበትን አቅጣጫ ሳይቀር ጠብቀውታል። ወጪው በዛን ጊዜ ዋጋ 40 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። የሚገርም ስራ ነው፣ አልክድም። ግን ይሄን ምሳሌ ይዞ "አታስቡ፣ ቅርሱን እናነሳዋለን" የሚል አልሚ ሲመጣባችሁ ሁለት ነገር አስታውሱት። አንደኛ እዛ 50 የሚሆኑ አገሮች ተረባርበዋል፣ ለናንተ ሸለቆ ማን ይረባረባል? ሁለተኛ የተነሳው ድንጋይ ብቻ አልነበረም፣ በግብጽና በሱዳን ወደ 100 ሺ የሚጠጋ ኑቢያዊ ከቀዬው ተነቅሏል፣ ቀየው ደሞ ተቆርጦ ቁጥር ተጽፎበት የሚጫን ነገር አይደለም።

የቅርቡን ካያችሁ ደሞ ቱርክ ውስጥ ሃሳንኬፍ አለች፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ። ኢሊሱ የሚባለው 1,200 ሜጋዋት ግድብ ውሃውን መያዝ የጀመረው በ2019 ነው፣ በቀጣዩ ዓመት አሮጌዋ ከተማ ተዋጠች። ከዛ በፊት በ2017 ወደ 1,100 ቶን የሚመዝነውን የዘይነል ቤይን መቃብር ሳይፈርስ ሙሉውን በተሽከርካሪ ላይ ጭነው ወስደውታል፣ ሌሎች ጥቂት ግንባታዎችም ተወስደዋል፣ የወንዙ ዳር ሰፈርና ታችኛዎቹ ዋሻዎች ግን እንደተቀመጡ ቀሩ። እንዲህ አይነቱን እኔ ቅርስ ተረፈ አልለውም፣ የቅርስ ናሙና ነው የተረፈው።

አይቻልም የሚባለውን ያደረገችው ፖርቹጋል ናት። በ1994 በኮዋ ሸለቆ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ፈረሶች፣ የዱር በሬዎችና የተራራ ፍየሎች መኖራቸው ይፋ ሲወጣ የግድቡ ስራ ተጀምሮ ነበር። ቅርጾቹ ከ20 ሺ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ አሉባቸው። ተማሪው "ቅርጾቹ ዋና አይችሉም" እያለ ወጣ (እንዲህ ያለ መፈክር ያወጣ ሰው ይባረክ)፣ በ1995 መጨረሻ የመጣው አዲስ መንግስት ስራውን አቆመው፣ በ1998 ሸለቆው የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። እዚህ ድረስ ሁሉም ያወራዋል። ብዙ ጊዜ የማይወራው ቀጣዩ ነው፣ የመብራት ፍላጎቱ ቅርጾቹ ስለዳኑ አልጠፋም፣ ከጊዜ በኋላ እዛው አካባቢ ሳቦር የሚባል ወንዝ ላይ በምትኩ ግድብ ተሰራ፣ እሱም የራሱ ሸለቆ፣ የራሱ ተቃዋሚ ነበረው። ስለዚህ አንድ ቦታ ስታድኑ ሸክሙ ወደየት እንደዞረ አብራችሁ እዩ።

የግድ ነው ከተባለስ? እዛው አገር ፎዝ ቱዋ የሚባል ግድብ አለ፣ የአልቶ ዶሮ የወይን ተራሮች ጫፍ ላይ፣ ቦታው የዓለም ቅርስ ስለሆነ ብዙ ጭቅጭቅ ነበረበት፣ በመጨረሻ አርክቴክቱ ኤድዋርዶ ሶውቶ ደ ሞራ የማመንጫውን ቤት መሬት ውስጥ ቀበረው። እይታው ተረፈ። የድሮው የቱዋ ባቡር መስመር ግን የተወሰነው ክፍል ውሃ ስር ነው።

የኔ ፍርድ፦ ታሪካዊ ሸለቆ ላይ አዲስ ትልቅ ግድብ የመጨረሻው አማራጭ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ ተሞክረው ካልሆኑ ብቻ ነው የሚታሰበው።

ንፋስ፣ መሬት ላይ

ተርባይን ሲባል ሰው የሚፈራው ቁመቱን ነው፣ እውነቱን ነው፣ የአሁኖቹ እስከ ክንፋቸው ጫፍ 150፣ 200 ሜትር ይሆናሉ፣ የሚበልጡም አሉ፣ በዛ ላይ ይሽከረከራሉ፣ የሰው ዓይን ደሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ሌላውን ትቶ እሱን ነው የሚያየው። አንድ ኮረብታ ላይ ያለ ገዳም ወይ ግንብ ሙሉ ትርጉሙ "ከሩቅ ብቻውን መታየቱ" ከሆነ አጠገቡ አስር ተርባይን ማቆም ግንቡን ሳይነኩ መግደል ነው። ግን ይሄ ጉዳት ይመለሳል፣ 25 ወይ 30 ዓመት ሲሞላው ማሽኑ ይነቀላል፣ እይታውም ይመጣል።

ሰው የማያየው ከታች ያለውን ነው። አንዱ ተርባይን 20 ሜትር አካባቢ ስፋትና ጥቂት ሜትር ጥልቀት ያለው ኮንክሪት ይፈልጋል፣ ክሬን የሚቆምበት የተደለደለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ክንፉን የሚጭነው መኪና የሚታጠፍበት መንገድ ይፈልጋል፣ ሁሉንም የሚያገናኝ የኬብል ቦይ ይፈልጋል። መሬት ውስጥ የተቀበረ ጥንታዊ ሰፈር ካለ የሚጠፋው በነዚህ ነው እንጂ በክንፉ አይደለም፣ ሲነቀልም አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ኮንክሪት ብቻ ተቆርጦ የታችኛው እዛው ይቀራል። ደግነቱ ንፋስ ከግድብ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፣ ሊገፋ ይችላል። ቁፋሮ ላይ መቃብር ከተገኘ አንዷን ተርባይን 50 ሜትር ወደ ጎን ታደርጋላችሁ፣ አለቀ። ፈቃዱ ላይ ይሄ መፈቀዱን ቀድማችሁ አስጽፉ፣ አለዛ ኮንትራክተሩ "ዲዛይኑ ጸድቋል" ብሎ ይደርቅባችኋል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ቅርስ ማለት ድንጋይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ኖርዌይ ውስጥ ፎሰን በሚባለው አካባቢ ስቶርሄያና ሮአን ላይ 151 ተርባይኖች ቆሙ፣ ቦታው የአገሩ ነባር የሆነው የሳሚ ሕዝብ አጋዘን የሚያረባበት የክረምት ግጦሽ ነው። እዛ የሚፈርስ ቤተ መቅደስ የለም፣ የሚቆፈር ከተማ የለም፣ በወረቀት ላይ "ባዶ ተራራ" ነው። ግን አጋዘኖቹ ተርባይን ይሸሻሉ፣ አጋዘን ከሌለ አኗኗሩ የለም፣ አኗኗሩ ከሌለ ቋንቋውም እደ ጥበቡም ለልጅ የሚተላለፍበት ቦታ የለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2021 በሙሉ ድምፅ ፈቃዱ የሳሚዎችን ባህል የመጠበቅ መብት ይጥሳል፣ ዋጋ የለውም አለ። ታዲያ ተርባይኖቹ መዞር አቆሙ? አላቆሙም፣ ፍርዱ ሲወጣ ተሰርተው እየዞሩ ነበራ፣ ወጣቶቹ ፍርዱ 500 ቀን ሊሞላው ሲል በ2023 ሚኒስቴር መስሪያ ቤት ገብተው ተቀመጡ፣ ስምምነት የተደረሰው በ2023 መጨረሻና በ2024 ነው፣ እሱም በካሳ፣ በተጨማሪ ግጦሽና በመሳሰለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይሄ ነው፣ ክርክሩ ያለቀው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ነው። ንፋስ የምትመርጡ ከሆነ "እዚህ ቦታ ማን ምን ያደርጋል፣ በየትኛው ወር" የሚለውን ከካርታ ሳይሆን ከሰው ጠይቁ።

ንፋስ፣ ባህር ላይ

ይሄ ከመሬቱ ይሻላል የሚባለው ሰው ስለሌለበት ነው፣ በከፊል እውነት ነው። ግን ከዳር ይታያል። እንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ናቪተስ ቤይ የሚባል 121 ተርባይን የታሰበለት ፕሮጀክት በ2015 የተከለከለው የዓለም ቅርስ በሆነው የጁራሲክ ኮስት ዳርቻ እይታ ላይ በሚያመጣው ጉዳት ጭምር ነው። ከባህሩ በታችም ባዶ አይደለም፣ ሰሜን ባህር ድሮ የብስ ነበር፣ ዶገርላንድ ይሉታል፣ ሰው ይኖርበት የነበረ መሬት በረዶው ሲቀልጥ የሰጠመ። የሚገርመው ነገር ስለዚህ መሬት ከሚታወቀው ብዙ ነገር የተገኘው ለነዳጅና ለንፋስ ተብሎ በተደረገ የባህር ወለል ጥናት ነው፣ ያለነሱ ገንዘብ ማንም አርኪዮሎጂስት ያን ሁሉ ባህር አይቃኝም። የሰጠመ መርከብ ከተገኘም ዙሪያውን ከልሎ ማለፍ የተለመደ አሰራር ነው። ባህርና ገንዘብ ካላችሁ፣ ርቀቱም በቂ ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ኬብሉ ወደ መሬት የሚወጣበትን ቦታ ብቻ ጠበቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ድሮም ሰው የሰፈረው ዳር ዳሩን ስለሆነ።

ሶላር፣ ሜዳ ላይ

ከሁሉም ይቅር ባዩ ይሄ ነው ባይ ነኝ። ዝቅተኛ ነው፣ አይንቀሳቀስም፣ ዛፍ ወይ አጥር ይሸፍነዋል። የተለመደው አሰራር የብረት ምሰሶ መሬት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር መትቶ ማስገባት ነው፣ ከስር ቅርስ መኖሩ ከተጠረጠረ ግን ምሰሶውን ትተው ፓኔሉን ከላይ በሚቀመጥ የኮንክሪት ክብደት ማሰር ይቻላል፣ መሬቱ ምንም አይወጋም፣ ትንሽ ይወደዳል ግን ይሰራል። እንደውም መሬቱ በየዓመቱ በትራክተር የሚታረስ ከነበረ ለ30 ዓመት ሶላር ማድረግ ለተቀበረው ቅርስ እረፍት ነው፣ ማረሻ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየላጠ ስንቱን እንደጨረሰ ሰው አያስተውልም። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለባችሁ ፓኔሉን ሳይሆን የኬብል ቦዩንና የትራንስፎርመሩን መሰረት ነው፣ ሰው ሁሉ ምሰሶ ላይ ሲከራከር ቦዩ በጸጥታ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል። በማግኔት የመሬት ቅኝት ቀድሞ ማስደረግ፣ ከዛ ቦዩን ባዶ በተባለው በኩል መውሰድ ነው።

ጉድለቱ ሰፊ ቦታ መብላቱ ነው፣ ድሮ ጀምሮ ተደርድሮ የተሰራ የእርከን ተራራ ወይ መልክዓ ምድሩ ራሱ ቅርስ የሆነ ቦታ ላይ አይሆንም። ማታም አይሰራም፣ ይሄን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሶላር፣ ጥንታዊ ጣሪያ ላይ

እዚህ ላይ ሁለት ቡድን ሆኖ የሚጣላ ብዙ ነው፣ እኔ ቆየት ብዬ ሃሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ድሮ "ኧረ ተዉ" ከሚሉት ነበርኩ። ካምብሪጅ ያለው የኪንግስ ኮሌጅ ጸሎት ቤት በ1515 ያለቀ ህንጻ ነው፣ በ2023 ጣሪያው ላይ 438 ፓኔል ተገጠመለት። የእንግሊዝ የቅርስ ጥበቃ ተቋም ተቃውሞ ነበር። እኔን ያሳመነኝ ጊዜው ነው፣ የእርሳስ ጣሪያው ለማንኛውም ሊታደስ ተራው ደርሶ ስለነበር መወጣጫው አንዴ ቆሞ ሁለቱም አብሮ ተሰራ። የግሎስተር ካቴድራልም በ2016 150 ፓኔል አስገጥሟል፣ ከመሬት ሆናችሁ አታዩትም፣ ከጣሪያው ዳር ያለው ግንብ ይሸፍነዋል። ቫቲካንም በ2008 የጳውሎስ 6ኛ አዳራሽ ላይ ከ2,000 በላይ ፓኔል ገጥማለች፣ የመረጡት ግን ዘመናዊውን አዳራሽ ነው፣ የቅዱስ ጴጥሮስን ጉልላት አልነኩም። ይሄ ምርጫ ራሱ ትምህርት ነው፣ ግቢው ውስጥ የመኪና ማቆሚያ፣ መጋዘን ወይ አዲስ ቢሮ ካለ መጀመሪያ እዛ ነው የሚገጠመው።

የጣሊያን ጥንታዊ ከተማ ፖምፔ ላይ ደሞ ለየት ያለ ነገር ሞክረዋል፣ የሸክላ ክዳን የሚመስል ግን ከስሩ ሶላር ሴል ያለው ንጣፍ አንዳንድ ቤቶች ላይ አድርገዋል፣ ከተራው ፓኔል ያነሰ ያመነጫል ግን ዓይን አይጎረብጥም። መብራቱ ለቦታው ፍጆታ ከሆነ ይበቃል፣ ለከተማ ከሆነ አይበቃም፣ ስለዚህ ለምን እንደፈለጋችሁት ሳትወስኑ ዋጋ አትጠይቁ።

ኮንትራክተሩን አራት ነገር ጠይቁት፦ አንደኛ የጣሪያው እንጨት ተጨማሪውን ክብደትና የንፋሱን ግፊት ይችላል ወይ፣ ይሄን ያየው ኢንጂነር ነው ወይስ ሻጩ። ሁለተኛ የሚበሳ ነገር አለ ወይ፣ በመቆንጠጫ የሚያዝ ከሆነ ነገ ሲነሳ ጠባሳ አይተውም። ሦስተኛ እሳት። ፓኔል ፀሐይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ መስራቱን አያቆምም፣ ደረቅ አሮጌ እንጨት ያለበት ጣሪያ ስር ኬብሉ እንዴት እንደሚያልፍና እሳት አደጋ ሲመጣ የቱን ማጥፊያ እንደሚነካ ካልተመለሰ አትፈርሙ፣ ኢንቨርተሩንም (የፓኔሉን ኤሌክትሪክ ለቤት መስመር የሚቀይረውን ሳጥን) ከዋናው ህንጻ ውጪ አስቀምጡት። አራተኛ ከስር የሚያፈስ ቦታ ቢኖር ፓኔሉን ማን ያነሳል፣ በማን ወጪ።

እንፋሎት

ስለ ጂኦተርማል (ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ሙቀት ኃይል ማመንጨት) ብዙ አይወራም ምክንያቱም ቦታ አይበላም፣ ከላይ ሲታይ ጥቂት ቱቦና ጭስ የመሰለ እንፋሎት ነው። ጉዱ ከስር ነው። ኒውዚላንድ ዋይራኬይ በ1958 ኃይል ማመንጨት ሲጀምር አጠገቡ ፍል ውሃው ወደ ላይ የሚፈነዳበት ታዋቂ ሸለቆ ነበር፣ ከመሬት ውስጥ ፈሳሹ ሲወጣ ግፊቱ ወረደ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሸለቆው ደረቀ። እዛው አገር ሮቶሩዋ ላይም ያው ጀምሮ ነበር፣ ሰው በየቤቱ ጉድጓድ እየቆፈረ ሙቀቱን ሲጠቀም የአገሩ ነባር ሕዝብ የማኦሪዎቹ የዋካሬዋሬዋ ፍል ውሃዎች መድከም ጀመሩ፣ በ1980ዎቹ መንግስት ከዋናው ፍል ውሃ 1.5 ኪሎሜትር ዙሪያ ያሉትን ጉድጓዶች ዘጋ፣ ምንጮቹም ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ። አንዱ ሞተ አንዱ ተረፈ፣ ልዩነቱ ልኬቱን እየተከታተለ በጊዜ የቆመ ሰው መኖሩ ነው። ጸበል ወይ የተቀደሰ ፍል ውሃ አጠገብ ከሆናችሁ የውሃው መጠንና ሙቀት ቁፋሮው ከመጀመሩ ቢያንስ ጥቂት ዓመት በፊት ጀምሮ ተለክቶ ይመዝገብ፣ "ድሮም እንደዚህ ነበር" የሚል እንዳይመጣ።

ያልጠራችሁት እንግዳ ደሞ ማስተላለፊያ መስመር ነው። ሁሉም ፕሮጀክት ይዞት ይመጣል፣ ጥናቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚቀርበው። "ኬብሉን ቅበሩት" ማለት ቅን ሃሳብ ነው፣ ግን ምሰሶ በየ300 ሜትሩ አንድ ጉድጓድ ሲቆፍር ቦይ ሙሉውን መንገድ ይቆፍራል፣ ከስር ምን እንዳለ ሳታውቁ አትጠይቁት።

ታዲያ የቱን?

የናንተ ቅርስ ዋጋው ከሩቅ መታየቱ ከሆነ ንፋስን አርቁ፣ ሶላርን ዝቅ አድርጉና ደብቁ። ዋጋው መሬት ስር ያለው ከሆነ ደግሞ በክብደት የሚቀመጥ ሶላር ነው፣ ንፋስ የግድ ከሆነም ጥቂት ትልልቅ ተርባይን ከብዙ ትንንሽ ይሻላል፣ ጉድጓዱ ስለሚቀንስ። ሕያው ባህል ከሆነ፣ ማለትም ግጦሽ፣ ሥርዓት፣ የጉዞ መንገድ፣ የትኛውም ቴክኖሎጂ በራሱ ደህና አይደለም፣ ሰዎቹ እሺ ያሉት ነው ደህናው። ህንጻ ብቻ ከሆነ ጣሪያውን አትፍሩት። ምናልባት ሁሉንም ትታችሁ መስኮቱን ብትጠግኑ፣ ጣሪያ ስር መከለያ ብታነጥፉና መብራቱን በኤልኢዲ ብትቀይሩ የሚያስፈልጋችሁ ፓኔል በግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ ይሄን የሚሸጥ ስለሌለ ነው የማይነገራችሁ። የዓለም ቅርስ ከሆነ ደሞ ዩኔስኮ ለንፋስ ፕሮጀክት በ2021፣ ለተፅዕኖ ግምገማ በ2022 ያወጣቸው መመሪያዎች አሉ፣ ሁለቱንም አልሚው አንብቦ መምጣት አለበት፣ እናንተ አስተማሪው መሆን የለባችሁም።

ስብሰባ ላይ ፎቶ ሲያሳዩዋችሁ አንድ ማጭበርበሪያ እወቁ፣ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ከሩቅ ያለውን ነገር ያሳንሰዋል፣ ተርባይኑ የጥርስ መፋቂያ መስሎ ይታያችኋል። ፎቶው በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ይነሳ በሉ፣ ቦታውን ደሞ እነሱ ሳይሆኑ እናንተ ምረጡ፣ ሰው ቆም ብሎ ያንን ቅርስ የሚያይበትን፣ ደጁን፣ መንገዱን፣ ኮረብታውን። ከዛ የታተመውን ፎቶ ይዛችሁ እዛው ቦታ ሄዳችሁ ከፊታችሁ ካለው ጋር አስተያዩት።

ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ሁሉን ነቅሎ ለማንሳት የሚያስፈልገው ገንዘብም ከመጀመሪያው ቀን በሦስተኛ ወገን ሒሳብ ይቀመጥ። ኩባንያ ይሸጣል፣ ይከስራል፣ ስም ይቀይራል፣ 30 ዓመት ረጅም ነው። "ስንጨርስ እናነሳዋለን" የሚለው ቃል ውል ላይ በሜትር ይጻፍ፣ መሰረቱ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚወጣ፣ ኬብሉ ይወጣል ወይ፣ መንገዱ ይመለሳል ወይ፣ እና ሲነቀል አጠገቡ ቆሞ የሚያይ የቅርስ ባለሙያ በማን ደሞዝ እንደሚመጣ።